ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፦ ካዛንቺስና ቂርቆስ ላይ ቤት ሲገዙ ጎርፉን፣ እርጥበቱንና የውሃ እጥረቱን መፈተሽ

ደላላ ቤት ማሳየት የሚወደው በጥር ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ። ገዢው ሴራሚኩን ይረግጣል፣ የወጥ ቤቱን ካቢኔ ከፈት ዘጋ ያደርጋል፣ ካሬውን በዋጋ ያባዛል፣ ካርታው ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጠይቃል። «ይህ ግቢ ነሐሴ ላይ ምን ይመስላል?» የሚል ግን ከስንት አንድ ነው። ክረምት ገብቶ ሳሎኑ ውሃ ሲይዝ፣ ምድር ቤት የቆመው መኪና እስከ መቀመጫው ሲሰጥም፣ ሻጩም ደላላውም ስልክ አያነሱም።

ካዛንቺስ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ምክንያት አለ። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል። አስፋልቱ አዲስ ነው፣ የእግረኛ መንገዱ አዲስ ነው፣ የጎርፍ መውረጃው አዲስ ነው። «በዚህ በኩል ውሃ ይወርዳል፣ እዚያ ጋ አትሥራ» ይሉ የነበሩት የቆዩ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደዋል። መንገዱ አምሯል፤ የድሮውን ጎርፍ ምልክት ግን አብሮ ጠርጎታል። ስለዚህ ዛሬ እዚህ አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ቀድሞ ጎረቤት ቡና እየጠጣ በነጻ ይነግረው የነበረውን ነገር ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ሥራው ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይወስዳል። ጉግል ኧርዝ የተጫነበት ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ ባልዲ፣ ዐሥር ሜትር ያህል ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦና ጭቃ የማያስፈራው ጫማ ይያዙ። መሐንዲስ የሚያስፈልገው ወደ መጨረሻው ነው። ገና ከጅምሩ ቢቀጥሩት ስልክዎ በነጻ ሊጥልልዎ ለሚችል ቤት ገንዘብ ይከፍላሉ።

1. መጀመሪያ ቁልቁለቱን ያንብቡ

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ መስቀል አደባባይ አካባቢ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ዐሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተ ይቀጡ ይህን ቁልቁለት ወርደው መሐል ከተማውን እያቋረጡ ወደ ትልቁ አቃቂ ይሄዳሉ። ለገዢ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ካዛንቺስ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ እንጦጦ ላይ የዘነበው ከቤትዎ በታች ባለው ድልድይ ሊያልፍ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ሌሊት የመታውና ከ250 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍም በዙሪያዋ ካለው ደጋ ላይ የወረደ ነበር።

ጉግል ኧርዝ ከፍተው ቤቱን ይፈልጉ። ሦስት ከፍታዎችን ይመዝግቡ፦ የቤቱን፣ በቅርብ ያለውን ወንዝ ወይም ሸለቆ፣ ከቤቱ በላይ ያለውን መንገድ። በኮምፒውተር ከሆነ የቀደሙ ዓመታትን የሳተላይት ፎቶ ወደኋላ እየመለሱ ማየት ይቻላል። ቦታው ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በፊት ምን ነበር? አረንጓዴ ሸለቆ ከነበረና ዛሬ ቤት ከቆመበት፣ በሙሌት አፈር ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላልና ማስታወሻዎ ላይ ያስምሩበት።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው ርቀትን ከከፍታ ጋር ማምታታት ነው። «ከወንዙ 200 ሜትር እርቃለሁ» የሚል ሰው ከወንዙ በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ 40 ሜትር ብቻ የራቀው ጎረቤቱ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ በሰላም ይተኛል። ሁለተኛው ስልኩን ከመጠን በላይ ማመን ነው። ጉግል ኧርዝ ከፍታ ላይ በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ፍርዱን ለእግርዎ ይተዉለት።

2. ፕላኑን ይጠይቁ፤ ወንዙ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው

ወንዝ ዳር ያለ ቤት አንድ ጊዜ በውሃ፣ አንድ ጊዜ በፕላን ይፈተናል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ለማልማት የታቀደ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወንዝ ዳርቻ ሥራው ከኮሪደር ልማቱ ጋር እየተያያዘ ቀጥሏል። በወንዝ ዳርቻ ክልል ውስጥ የገባ ቤት ዕድሜ ልኩን ባይጥለቀለቅ እንኳ ሊነሣ ይችላል። «ይህ ቤት እኮ አንድ ቀንም ውሃ ገብቶበት አያውቅም» የሚለው የሻጭ ቃል እውነት ቢሆንም አያድንዎትም።

ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማው የመሬትና የፕላን ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ሦስት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። ይዞታው በወንዝ ዳርቻ ክልል ውስጥ ነው ወይ? የመንገድ ማስፋፊያ ይነካዋል ወይ? የመሬት አጠቃቀሙ መኖሪያ ነው ወይስ አረንጓዴ ቦታ? መልሱን በቃል ሳይሆን ማኅተም ባለበት ወረቀት ለማግኘት ይሞክሩ። ጥያቄውን የሚያቀርበው ባለይዞታው ነውና ሻጩን ይዘውት ይሂዱ። አልሄድም ካለ እሱም መልስ ነው።

ካርታውንና አጥሩን ማስተያየትም አይርሱ። ወንዝ ዳር ያሉ ግቢዎች ዓመት በዓመት ቆርቆሯቸውን ወደ ሸለቆው ገፋ ማድረግ ይወዳሉ። ደላላው «ግቢው ሰፊ ነው» ብሎ የሚያሳይዎት ሣር ከካርታው ውጭ ሊሆን ይችላል። በሕጉ ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊ ይዞታ ላይ ላለ ንብረት ነው፤ ለተገፋው አጥር ከፍለው ሲያበቁ የሚመልስልዎ የለም። የአጥሩን ማዕዘኖች በሜትር ለክተው በካርታው ላይ ካለው የጎን ርዝመት ጋር ያመሳክሩ።

3. ሰፈሩን ዝናብ ሲጥል ይዙሩ

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይወስዳሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነው። ቤት የሚፈልጉት በክረምት ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ዣንጥላ ይዘው ይውጡ።

መጀመሪያ ከቤቱ ወደ ላይ ይሂዱ። ውሃው ከየት እየተሰበሰበ ነው የሚመጣው? ከዚያ ተመልሰው ወደ ታች ይከተሉት። ወዴት ነው የሚገባው? የቱቦው አፍ በፕላስቲክ ጠርሙስና በአሸዋ ተደፍኗል? ማንሆሉ ውሃ ይውጣል ወይስ ይተፋል? አዲሱ ቱቦ ሰፊ ሆኖ ከታች ካለው አሮጌ ቱቦ ጋር ከተገናኘ፣ ውሃው በፍጥነት ይወርድና መገናኛው ላይ ይፈነዳል። ቤትዎ ከዚያ መገናኛ አጠገብ እንዳይሆን።

ከሁሉ በላይ የሚመለከቱት የአስፋልቱንና የግቢውን በር ከፍታ ነው። መንገድ በተሠራ ቁጥር ከፍ ይላል፤ የድሮው ቤት ባለበት ይቀራል። ድሮ ሁለት ደረጃ ወጥተው ይገቡበት የነበረ ቤት ዛሬ ሁለት ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ሆኖ ያገኙታል። እንዲህ ያለ ግቢ ለመንገዱ ሁሉ ገንዳው ነው። 

በበጋ ከሆነ የሚመጡት ውሃውን አያገኙትም፤ ዱካውን ይፈልጉ። በአጥር ግንብ ላይ እኩል የሄደ የጭቃ መስመር፣ በወንዝ ዳር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ ጥግ ላይ የተደረደረ የአሸዋ ጆንያ። እኔ ግን ቀድሜ የማየው የጎረቤቶችን በር ነው። በሩ ሥር በሲሚንቶ የተሠራች ትንሽ ግድብ ካለች፣ ወይም የሱቁ ደፍ ከሌላው በሁለት ብሎኬት ከፍ ብሎ ከተገነባ፣ ጎረቤትዎ በገዛ ገንዘቡ መስክሮልዎታል።

«ይህ የአንድ ሰሞን ነገር ነው» አይበሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በአንድ ቀን የጣለ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዝናቡ ሲወርድም በዚያው ልክ ሊበረታ ይችላል። የሚገዙት ቤት ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ነው፤ ቱቦው የተለካው ግን በትናንቱ ዝናብ ነው።

4. የቀሩትን ምስክሮች ይፈልጉ

ጥያቄው ላይ ብልሃት ያስፈልጋል። «እዚህ ጎርፍ አለ እንዴ?» ካሉ «ኧረ የለም!» ይባላሉ። ሰው ሰፈሩን ማማት አይወድም፤ ደግሞም ደላላው ዘመዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ባለፈው ክረምት ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ጥያቄው ውሃው መምጣቱን እንደታወቀ ነገር ስለሚወስደው፣ ያየ ሰው በእጁ እየለካ ያሳይዎታል።

አንድ ጊዜ ከወዳጄ ጋር ቤት ልናይ ሄደን፣ ከበሩ አጠገብ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት ዘንድ ተቀመጥን። ስለ ቤቱ ምንም አላነሣንም። «እማማ፣ ክረምት ላይም እዚሁ ነዎት?» አልናቸው። «እዚህማ ምን አቆመኝ ልጄ፣ ሐምሌን ማዶ ነኝ፤ እዚህ ውሃው ከሰሉን ይዞት ነው የሚሄደው» አሉን። ወዳጄ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርስ ሐሳቡን ቀየረ።

ሌሎቹ ጥሩ ምስክሮች የሌሊት ጥበቃዎች፣ ሊስትሮዎች፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎችና የባለሱቅ ልጆች ናቸው። ሰፈሩ የፈረሰበት አካባቢ ከሆነ ዕድሩን ይጠይቁ። ነዋሪው ቢበተንም ብዙ ዕድር አልፈረሰም፤ አንድ የዕድር ጸሐፊ የድሮ ነዋሪ ስልክ ከሰጠዎት ግማሹ ሥራ አለቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ የነበሩበት አካባቢ ቤት ልገዛ ነው» ሲሏቸው፣ የለቀቁ ሰዎች የሚደብቁበት ምክንያት የላቸውም፤ እንዲያውም የሰፈራቸው ነገር ሲነሣ ማውራት ያምራቸዋል። ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ አንድ ነገር ከነገረዎ እንደ እውነት ይያዙት።

5. ግቢውንና መሠረቱን ይለኩ

ቱቦው የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበት ዘዴ ነው። ቱቦውን አረፋ እንዳይኖረው አድርገው በውሃ ይሙሉት። አንደኛውን ጫፍ ረዳትዎ በር ላይ አስፋልቱ ዘንድ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላውን እርስዎ የሳሎኑ ደፍ ላይ ይያዙ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ከውሃው እስከ አስፋልት፣ ከውሃው እስከ ወለል ያለውን በሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ የወለሉ ከፍታ ነው። እኔ ወለሉ ከመንገዱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ደስ ይለኛል። እኩል ከሆነ ወይም ዝቅ ካለ፣ ቤቱን ለመታደግ የሚወጣውን ወጪ ከዋጋው ላይ መቀነስ ይጀምሩ።

ከዚያ ባልዲ ውሃ በመሠረቱ ዙሪያ አራቱም ጎን ያፍሱ። ውሃው ከግድግዳው መሸሽ አለበት። ወደ ግድግዳው የሚሰበሰብ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ መሠረቱ ውሃ ይጠጣል።

አፈሩንም ይዩ። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ዝናብና ድርቅ በተፈራረቁ ቁጥር ቤቱን ያነሣዋል ያወርደዋል። ምልክቱ ደረጃ እየሠራ ብሎኬቱን የሚከተል ስንጥቅ፣ ወይም ክረምት ላይ የማይዘጋ በር ነው። የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ አያስደንግጥዎ፣ ልስን ሁሉ ይሰነጠቃል። የአንድ ብር ሳንቲም ጠርዙ የሚገባበት ከሆነ ግን ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ፤ በሁለተኛው ጉብኝት አልፎት ሄዶ እንደሆነ ያያሉ። ሻጩ ቢቆጣ አይፍረዱበት፣ ምልክቱን ግን ያድርጉ።

ቁልቁለት ላይ ያለ ቤት የድጋፍ ግንብ ይኖረዋል። ግንቡ ውሃ የሚያወጡ ቀዳዳዎች አሉት? ሆዱ ወደ ውጭ ነፍቷል? ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው ያጠራቀመውን ውሃ ተሸክሞ አንድ ሌሊት ይወድቃል።

ስለ ሴፕቲክ ታንኩ መጠየቅ ሰው ያፍራል። አያፍሩ። ክዳኑ የጎርፍ መተላለፊያ ላይ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ በክረምት ውሃ ይሞላና ፍሳሹ በመጸዳጃው ይመለሳል። በዓመት ስንት ጊዜ በቦቴ እንደሚያስመጥጡ ይጠይቁ፤ በክረምት ብቻ ደጋግሞ የሚሞላ ከሆነ የዝናብ ውሃ እየገባበት ነው።

6. ጣሪያና ግድግዳ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 120 ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ከጣለ 3,600 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 180 ጄሪካን ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በስንት አሸንዳ ይወርዳል? መውረጃው የት ይለቀዋል? ከጎረቤት ግቢ ወይም ከራሱ መሠረት ሥር የሚለቅ ከሆነ ችግር ነው፤ ከጎረቤት ጋር ያለው ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ቤት ውስጥ ገብተው ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ያድርጉ፣ ጀርባውን በባትሪ ይዩ፤ ሻጋታ የሚኖረው እዚያ ነው። የኮርኒሱ ጥግ ላይ ቢጫ ክብ ካለ ጣሪያው ያፈሳል ወይም ያፈስ ነበር። ግድግዳው ሥር ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ካለ እርጥበት ከመሬት እየተሳበ ነው። ቤቱ ሁሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ የታችኛው አንድ ሜትር ብቻ አዲስ ከተቀባ፣ ወይም በጂፕሰም ቦርድ ከተሸፈነ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ይጠይቁ። የቀለም ሽታ ካለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይተው ይመለሱ። ሻጋታን ቀለም አይገድለውም።

በረዶ የወጋው ቆርቆሮ ከታች አይታይም፤ መሰላል ያስፈልጋል። ሶሌታ ጣሪያ ከሆነ ባልዲ ውሃ አፍስሰው የት እንደሚቆም ይዩ።

7. አፓርታማና ኮንዶሚኒየም ከሆነ

ሦስተኛ ፎቅ የሚገዛ ሰው «ጎርፍ እኔን ምን አገባኝ» ይላል። ግን ትራንስፎርመሩ፣ ፓምፑ፣ ጄኔሬተሩና የሊፍቱ መቆጣጠሪያ የት ነው ያሉት? ምድር ቤት ከሆኑ፣ ውሃ ምድር ቤት በገባ ቀን እርስዎም በደረጃ ይወጣሉ፣ ውሃም መብራትም አያገኙም። ምድር ቤቱን በባትሪ ይዙሩ፤ ግድግዳው ላይ የውሃ መስመር፣ ወለሉ ላይ ደለል ይፈልጉ። ውሃ መምጠጫ ፓምፕ ካለ ያስነሡት። «ይሠራል» በሚል ቃል አይለፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለፈው ክረምት ተቃጥሎ የተረሳ ነው። መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚሠራም ይጠይቁ፤ ከባድ ዝናብና የመብራት መጥፋት አብረው መምጣት ይወዳሉ።

የመሬት ወለል ገዢ የጎርፉን፣ የላይኛው ወለል ገዢ የሶሌታውን ችግር ይወርሳል። ጥገናው ግን የሁሉም ነውና የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ለማየት ይጠይቁ። «የጣሪያ ማፍሰስ» የሚል አጀንዳ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ካዩ፣ ገንዘብ የሚያዋጣ ጠፍቷል ማለት ነው።

8. ውሃ ሲበዛ አይተዋል፤ ሲጠፋስ?

የአዲስ አበባ ውሃ የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ፈረቃው ይረዝማል። ጎረቤት ዘንድ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይጠይቁ። ሌሊት 9 ሰዓት ብቻ የሚመጣ ውሃ ለሦስተኛ ፎቅ ያለ ፓምፕ ላይደርስ ይችላል።

ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ። አምስት ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም በቀን 250 ሊትር ነው፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ስምንት ቀን ያቆየዎታል። ሮቶው የቆመበት ቦታ ክብደቱን ይችላል ወይ? 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው፣ ሰርቪስ ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን ሮቶ ቀና ብለው ይዩት። በክረምት ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ ለአትክልትና ለጽዳት የሚያጠራቅሙበት ቦታ ካለ ጥሩ ነው።

ሙቀቱን በአጭሩ፦ አዲስ አበባ ደጋ ናትና የበጋው ሙቀት እንደ ቆላ አይገድልም። ግን ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ሙሉ መስታወት የሆነና መስኮቱ የማይከፈት አፓርታማ መጋቢት ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲገቡበት ምድጃ ነው። በዚያ ሰዓት ይጎብኙት።

9. መሐንዲሱ፣ መድኑና ውሉ

ቤቱ ይህን ሁሉ ካለፈ አሁን የግንባታ መሐንዲስ ይቅጠሩ። ማስታወሻዎን፣ ፎቶዎቹንና የቱቦውን ልክ ይስጡት፤ ከባዶ ከሚጀምር ይልቅ የሚያየውን ያውቃል። የሻጩ ወይም የደላላው ዘመድ አይሁን። ታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. ከአፋር በኩል የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ የአየር ንብረት ጉዳይ ባይሆንም፣ ኮለኑንና ቢሙን ካየ አይቀር ያንንም እግረ መንገዱን ይይልዎ። ሪፖርቱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

መድን ቤት ሄደው በዚያ አድራሻ ለጎርፍ ሽፋን ዋጋ ያስወጡ። የተለመደው የቤት መድን እሳትና መብረቅ ነው፤ ጎርፍና ማዕበል ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። «መድን አለኝ» ብለው የተኙ ብዙዎች ፖሊሲያቸውን የሚያነቡት ከጎርፉ ማግሥት ነው። የሚጠየቀው ዐረቦን ከፍ ካለ ወይም ጭራሽ አንሰጥም ከተባሉ፣ ገንዘብ ሳይከፍሉ የባለሙያ አስተያየት አገኙ።

በመጨረሻ ወደ ውሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 ይደነግጋል፤ ውሉን ለማስመዝገብ ደግሞ ውልና ማስረጃ ይሄዳሉ። ሕጉ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ገዢው ያወቀውን ወይም በግልጽ የሚታየውን ጉድለት ግን አይሸፍንም። የተለመደው ውል ላይ ደግሞ «ቤቱን አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ከመፈረምዎ በፊት ያስወጧት፤ በምትኩ ሻጩ ባለፉት ዓመታት ጎርፍ፣ የጣሪያ ማፍሰስና የፍሳሽ መመለስ እንዳልገጠመው፣ ወይም ምን እንደገጠመው፣ በዝርዝር የሚገልጽ አንቀጽ ያስገቡ። በኋላ ጉድለት ሲያገኙ ወዲያው በጽሑፍ ያሳውቁት፤ የዘገየ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

በበጋ የሚገዙ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቁ። ከዋጋው ጥቂቱ፣ ለምሳሌ 5 በመቶው፣ እስከ መስከረም አጋማሽ እንዲቆይና ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንዲከፈል። ብዙ ሻጭ መጀመሪያ ይስቅብዎታል፤ አንዳንዱ ግን ትንሽ ተከራክሮ ይስማማል። የሚስማማው ቤቱን የሚያውቀው ነው። ጨርሶ እምቢ ያለው ወይ ገንዘቡን ቸኩሎ ይፈልገዋል ወይ ሐምሌን ፈርቷል፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቡና የሚሸጡትን እናት አንድ ጊዜ ደግመው ይጠይቋቸው።